የራስጌው እጅ

ጎንደር በተቆረቆረች ሰሞን ነው። አንደበቱ የተዘጋ ሕሙም ራሱን እየነቀነቀ ይናዘዝ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ራስጌው ተቀምጦ፣ እጁን ከጋቢው ሥር አስገብቶ ማጅራቱን ደግፎታል። ሚስቱ ግርጌ ናት።

«በቅሎዋ ለወንድምህ ትሁን፣ ልጄ?» አሉ የንስሐ አባቱ።

በሽተኛው ራሱን ነቀነቀ። ምንጣፉም፣ የመዳብ ሰታቴውም፣ የብር ዋንጫውም ለወንድሙ ሆኑ። ወንድምየው በየዕቃው ያለቅሳል፤ ንፍጡ ጢሙ ላይ ይንጠባጠባል። የቀረው ቤቱ ብቻ ነው።

ሚስቲቱ ተነሣች። «ደክሞሃል፣ ወንድሜ። አሁን እኔ ልደግፈው።»

«ተይው፣ እቴ፤ አልደከመኝም።»

«ትደግፈው እንጂ፣ ሚስቱ አይደለችም?» አሉ አባ።

እጇን ከጋቢው ሥር ሰደደች። ማጅራቱ ቀዝቅዞ ደርቋል። ወንድምየውን አየችው፤ ዓይኑን ሰበረ።

«ቤቱስ፣ ልጄ? ለሚስትህ ይሁን?»

አንድ እጅ አልበቃትም፤ ማጅራቱን በሁለት እጇ ገፋችው። በሽተኛው ራሱን ነቀነቀ።