የቆሰለው ድኩላ

ጋዲሳ ማክሰኞ ጠዋት ከባቱ ወጣ ብሎ ባለው የቲማቲም እርሻው ውስጥ የገባ ድኩላ ተኩሶ መታ። ድኩላው አልሞተም። የቀኝ የፊት እግሩ ተሰብሮ፣ ደሙን እያንጠባጠበ ወደ ግራሩ ጫካ ገባ።

ጎረቤቱ ጋሽ ወዬሳ በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ። «ተከተለውና ከስቃዩ ገላግለው» አሉት። «አቁስሎ መተው ነውር ነው።»

«ራሱ ይሞታል፣ ጋሼ» አለና የመስኖ ውሃውን ሊለቅ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ግን እንቅልፍ እምቢ አለው። ዓርብ ጠዋት ጠመንጃውን ይዞ ሽማግሌው ዘንድ ሄደና «እባክዎ አብረን እንፈልገው» አላቸው። የደረቀውን ደም ተከትለው አንድ ትልቅ ግራር ሥር ደረሱ። ሣሩ ተተኝቶበት ተጋድሟል፤ ድኩላው ግን የለም። ከዚያ የሚወጣው ዱካ የባዶ እግር ሰው ዱካ ነበር። ከጎኑ ትኩስ ደም ተንጠባጥቧል። የሚያመራውም ወደ ሰፈራቸው ነው።

ጋሽ ወዬሳ ኮፍያቸውን አወለቁ።

የጋዲሳ ስልክ ጠራ። ሚስቱ አያንቱ ነበረች።

«እንግዳ መጥቶልሃል» አለችው። «ቀኝ ክንዱ ተሰብሮ ደም በደም ሆኗል። በባጃጅ ሐኪም ቤት ልውሰድህ ብለው እምቢ አለኝ።»

«ማን ነኝ አለ?»

«ስሙን አልነገረኝም። ‹ሦስት ቀን ሙሉ ጠበቅኩት፤ አልመጣ ሲለኝ እኔው መጣሁ› ነው የሚለው።»