ነጎድጓድ ስትዘምር

«አንቺ ዛሬ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ፤ ድምፅ እንዳታወጪ» አለቻት የሕፃናት መዘምራኑ መሪ፣ የልጅቷን ኮሌታ እያስተካከለች። ከአዳራሹ በር ጀርባ ልጆቹ ተሰልፈው ይገፋፋሉ።

ልጅቷን ጓደኞቿ «ነጎድጓድ» ይሏታል። ስሙ አልበዛባትም። ስትዘምር ድምጿ ጣራ ይነቅላል፤ ዜማው ግን ወዲያ፣ እሷ ወዲህ። መሪዋም ጨክና አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ልጆቹ በጉባኤ ፊት እንዲዘምሩ የፈቀዱት በስንት ደጅ ጥናት ነው፤ እሱንም «ዛሬን እንያቸው፤ ከረበሹ ወደ ጓሮ ክፍላቸው ይመለሳሉ» ብለው።

«አያቴ መጥቷል እኮ» አለች ነጎድጓድ።

«ታዲያ ያዩሻላ።»

«እሺ፣ እትዬ።» እሺታዋ እንኳ ኮሪደሩን ሞላው።

ገቡ። የኦርጋኑ ዜማ ተነሣ፣ መሪዋ እጇን አነሳች፣ የልጆቹ ድምፅ እንደ ማር ወለላ ፈሰሰ። ፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር። የመሪዋ ልብ ቅቤ ጠጣ።

ዞር ስትል ግን የነጎድጓድን አያት አየቻቸው። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። የልጅ ልጃቸውን ከንፈር ትክ ብለው ያያሉ፤ መዳፋቸውን አንዴ ከቀኝ ጆሯቸው፣ አንዴ ከግራው ኋላ ይደግናሉ። በመጨረሻ አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ጠጋ ብለው፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «የኔዋ ምነው ዝም አለች? አሟት ይሆን?» አሉ።

መሪዋ ወደ ልጅቷ ተመለሰች። ነጎድጓድ ዓይኗን አያቷ ላይ ተክላ፣ ድምጿን እንደ ጉንጭ ሙሉ ውሃ አፍና፣ በታማኝነት ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

ጌታ ሕፃናቱን ያቀፈበትን፣ የከለከሏቸውንም የገሠጸበትን ታሪክ ባለፈው እሑድ ያስተማረቻቸው እሷው ናት። ዛሬ ከልካይዋ ማን ሆነና? እጇ አየር ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹን በጎን አየቻቸው። ከዚያ ወደ ነጎድጓድ ጠቁማ መዳፏን ወደ ላይ አነሳች፤ ልቀቂው።

ለቀቀችው።

እናቱ እቅፍ ውስጥ የተኛ ሕፃን ባነነ። የኦርጋኑ ተጫዋች ጣቱ ሳተበት። ከልጆቹ ግማሹ ነጎድጓድን ተከትሎ ዜማውን ጣለ፣ ግማሹ በሳቅ ፈረሰ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «በቃ፣ ጓሮ ገባን» አለች መሪዋ በሆዷ። እጇን ግን አላወረደችም።

ያኔ አያትየው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ፊታቸው በርቷል። አፋቸውን ሞልተው መዘመር ጀመሩ፤ የሳቸውም ድምፅ ጣራ ነቃይ፣ ከዜማውም የወጣ፤ የወጣውም ልጅቷ በወጣችበት በኩል ነው። ለካ በዘር ኖሯል።

የሽማግሌዎቹ አለቃ መሐረብ አውጥተው አፋቸውን ያዙ፤ ትከሻቸው ግን አሳበቀባቸው። ቀጥሎ እሳቸውም ተነሥተው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ጉባኤውም ተከተላቸው።

መሪዋ ፊቷን ከኦርጋኑ መለሰች። አንድ እጇን ለልጅቷ፣ አንዱን ለአያትየው ዘርግታ፣ ለሁለቱ ብቻ ምት ትሰጥ ጀመር።