ዝናቡ የበላው ፈተና

ሶሲ ተነስታ ከቆመች ቆይታለች። አፏን አልከፈተችም። የዴስኩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ጫማዬን ታያለች። ጫማዬ ደግሞ የሚታይ ነገር የለውም፤ የቦንጋ ጭቃ ከጨረሰው ከርሟል።

«ስለ ተወለድሽበት ቤት ንገሪን» እላታለሁ በእንግሊዝኛ፣ እንደገና። ለሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው ቃሉን እያሳነስኩ።

ጠርዙን ይበልጥ ትጨብጣለች።

የአስራ አንደኛ ክፍል የንግግር ፈተና ነው፤ ከአስር የሚያዝ፣ የዓመቱ የመጨረሻ። ሶሲ በጽሑፉ ተፍጨርጭራ እዚህ ደርሳለች። ከዚህ ግማሹን ካላገኘች ግን እንግሊዝኛን ትወድቃለች፣ ሌላውም ትምህርቷ አፋፍ ላይ ስለሆነ ክፍሉን ትደግማለች። መድገም ማለቴ ለወጉ ነው። አባቷ ባለፈው ወር ከገጠር፣ ከደካ መጥተው የትምህርት ቤቱ በር ላይ አግኝተውኛል። «መምህር፣ ዘንድሮ ካላለፈች እወስዳታለሁ። እህቶቿስ አልተማሩም፣ ምን ሆኑ?» አሉኝ። ምን እንደሆኑ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ምክትል ርዕሰ መምህራችን አቶ ተስፋሁን «ትንሽ ትንሽ ጣል ጣል አድርግላቸውና ይለፉ፤ ምን ታካብዳለህ?» ብለውኝ ነበር። «ላልሰማሁት እንዴት ነጥብ እሰጣለሁ?» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከአስራ ሁለት ዓመት አስተማሪነት የተረፈችኝ ይህች ኩራት ብቻ ናት። ሌላውን፣ ጉጉቱንም ሳቁንም፣ ጠመኔና ስብሰባ ጨርሶታል።

እውነቱን ለመናገር፣ የተናገሩትም አልተናገሩም። ሸምድደው ነው የመጡት። ከሶሲ በፊት የቆሙት ሁሉ አንድ ቤት ውስጥ ተወልደዋል፤ ቤቱ ትልቅ ነው፣ ግቢው አበባ አለው፣ ሁሉም ይወዱታል። ቤቱን የሠራው የባለሱቁ ልጅ ጃፈር ነው፤ ትናንት አንድ ገጽ ጽፎ ለክፍሉ በሙሉ አድሏል። ነጥብ ሰጠኋቸው፤ ሰምቻለሁና። ሶሲ የጃፈርን ቤት እንኳ አልተከራየችም።

«ቲቸር፣ ትችላለች እኮ» ትላለች አጠገቧ የተቀመጠችው ትሁት። አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ነው የሚኖሩት። «ቤት ስንሆን ትናገራለች።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንም ጋር አይደለም። እኔ ስወጣ፣ ብቻዋን። በር ላይ ቆሜ እሰማታለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ይኼው ሳቅ ነው አፏን የዘጋው። ከገጠር በመጣች ሰሞን በአማርኛዋ ሳቁባት፤ ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ድምጿን የሰማ የለም።

እናደዳለሁ። በሷም፣ በክፍሉም፣ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ልጅ ማናገር ባቃተኝ በራሴም። በቃ፣ ልፈርድ ነው። አፌን ልከፍት ስል ዝናቡ ይወርዳል።

የቦንጋ ዝናብ አንኳኩቶ አይገባም። ጣራችን ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ስለሆነ አንዴ ከጀመረ ጆሮ ሥር ቢጮኹም አይሰማም። ተማሪዎቹ ለምደውታል፤ ገሚሱ ወደ መስኮቱ ይዞራል፣ ገሚሱ ዴስኩ ላይ ይተኛል። ዝናብ ሲመጣ ክፍሉ እንደተለቀቀ ነው የሚቆጠረው።

«ተቀመጪ፣ ዜሮ ነው» እላታለሁ። የራሴን ድምፅ ራሴ አልሰማሁትም።

ሶሲ ቀና ትላለች። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታለች፤ ምን እንዳልኩ ግን አልሰማችም። ደግሜ የጠየቅኳት መስሏት መሆን አለበት። ዙሪያዋን ትቃኛለች። ወደሷ የሚያይ የለም። ከዚያ አፏን ትከፍታለች።

ትናገራለች።

አንዲት ቃል አይሰማኝም። ልጠጋት አንድ እርምጃ እሄድና እተወዋለሁ፤ ከተጠጋሁ ትዘጋለች። ስለዚህ ቆሜ አያታለሁ። የአንገቷ ጅማት ተወጥሯል፤ እየጮኸች ነው። እጇ ዴስኩን ለቆ አየር ላይ ዳገት ይሠራል፣ ከዳገቱ ሥር ደግሞ የሆነ ነገር፤ በር ይሁን አጥር አላወቅሁም። ከጉልበቷ ከፍ አድርጋ የአንድ ነገር ቁመት ታሳያለች፣ ፈገግ ትላለች። ከዚያ ድንገት ዝም ትላለች።

አለቀ፣ እላለሁ በሆዴ። አላለቀም። ግንባሯን ቋጥራ፣ ዓይኗን ወደ ላይ ሰቅላ አንድ ቃል ትፈልጋለች። ጣቶቿ ይፍተለተላሉ። ታገኘዋለች፤ ፊቷ ላይ ሲመጣ አየሁት። ትቀጥላለች።

የሸመደደ ሰው ቃል አይፈልግም። ቃል የሚፈልገው የሚናገረው ያለው ሰው ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስጠብቅ የኖርኩት ይህችን ዝምታ ነበር። የኔን ዜሮ ዝናቡ በላው፣ የሷንም ቤት በላው፤ ተካካስን። እስክሪብቶዬን አንስቼ ስሟ ፊት ስምንት እጽፋለሁ። ከወረቀቱ ቀና ስል አሁንም እየተናገረች ነው።

ዝናቡ እንደ አመጣጡ ድንገት ያባራል። ሶሲም አብራው ታቆማለች። አፏን በሹራቧ እጅጌ ሸፍና ትቀመጣለች።

«ሶሲ፣ መሃል ላይ የፈለግሽው ቃል ምን ነበር?» እላታለሁ፣ በአማርኛ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ጫማዬን ታያለች።

«ቲቸር፣ ስንት ሰጧት?» ይላል ጃፈር ከኋላ። «ምንም አልተሰማም እኮ።»

«እኔ ሰምቻለሁ» እለዋለሁ።

ሶሲ ቀና ትላለች። አለመስማቴን ታውቃለች። ለትንሽ ጊዜ ታየኛለች፤ ከዚያ እኔን አልፋ ጣራውን፣ ዝም ያለውን ቆርቆሮ ታያለች።