የማይገፋው ውሃ

ወንዝ መሃሉ የቆመውን ምሰሶ ምንም ሳይገፋው ሲያልፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተኽላይ አይቷል፤ በ1980 ዓ.ም.፣ ቦሌ የሚገኘው መሥሪያ ቤቱ ባስገባው ኮምፒውተር ላይ።

የሚያጠናው የድልድይ ምሰሶ ነበር። ፕሮግራሙ ውሃውን ሰበቃም አዙሪትም የሌለው አድርጎ ያሰላል። የውሃውን ጉዞ የሚያሳዩት መስመሮች ምሰሶው ፊት ይከፈላሉ፣ ይዞሩታል፣ ከኋላው መልሰው ይገጥማሉ። ውሃው ምሰሶውን ምን ያህል ገፋው ሲባል መልሱ ዜሮ ነው።

«ያለ ትግል የሚያልፍ ውሃ!» አለ ባልደረባው ገሰሰ፣ የፓርቲ አባል ነው። «አንተ፣ ይኼ እኮ የአድኃሪ ውሃ ነው!»

ተኽላይ ሳቀ። «መነሻ ነው እንጂ እውነተኛው ውሃማ ይገፋል። ቡዳፔስት የምሄደው እሱን ልማር ነው።»

ገሰሰ ለዚያው የትምህርት ዕድል ተወዳድሮ ወድቆ ነበር።

ተኽላይ የታተሙትን ሥዕሎች ወሎ ሰፈር፣ ቤቱ ወስዶ ለእናቱ ለወይዘሮ ትበርህና ለእጮኛው ለሣባ አሳያቸው። ከዚያ ሥዕሎቹን እንዳይተጣጠፉ ፍራሹ ሥር አስቀመጠ።

«ትምህርቱ ረጅም ነው?» አሉ እናቱ።

«ቶሎ እመለሳለሁ፣ አደይ።»

«አረጋዊም እንዲሁ ብሎኝ ነበር።» ታላቅ ልጃቸው እንደ ወጣ ቀርቷል።

መሄጃው ሲቃረብ የደኅንነት ሰዎች መጡ። ቁም ሳጥኑን አልነኩም። ፍራሹን ገልብጠው ወረቀቶቹን አወጡ።

«የየት ወንዝ ካርታ ነው?»

«የየትም አይደለም። እንዲህ ያለ ውሃ በዓለም ላይ የለም።»

«የሌለ ውሃ በመንግሥት ወረቀት ትሥላለህ? ተነሣ!»

ሣባ ገሰሰን መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጠብቃ ፊቱ ላይ ተፋችበት። አልጠቆምኩም ብሎ ማለ፤ ማን ይመነው።

ክረምቱን ሙሉ ሁለቱ ሴቶች ወደ እስር ቤቱ ስንቅ አመላለሱ። አንድ ጠዋት ዘበኛው ሳህኑን ሳይቀበል «ከእንግዲህ አታምጡ» አላቸው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የከተማው ሰው አልነበረም።

ለቅሶ ተከልክሏልና ድምፃቸውን አፍነው ቤት ተቀመጡ። ገሰሰ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሣባ ልታባርረው ስትነሣ ወይዘሮ ትበርህ ቀሚሷን ያዙ።

«ተዪው ልጄ። ቀበሌ ሄጄ ስለ ወረቀቶቹ የነገርኩት እኔ ነኝ። የመውጫ ቪዛውን ብቻ ይከለክሉልኛል ብዬ... ልጄ እንዳይሄድብኝ።»

ሣባ ቀሚሷን ከእጃቸው አስለቀቀች። «ይቅር አልልም፤ እርስዎንም፣ ይኼን የፓርቲ ሰውም፣ ማንንም።»