የዳነችው ልጅ

እናትየዋ ልታጥበው የልጇን ትራስ ገልብጣ ስታራግፍ ከጥጡ ጋር ነጫጭ እንክብሎች መሬት ላይ ተዘረገፉ። አንድ ሁለት ቢሆኑ ሳታያቸው የወደቁ ናቸው ትል ነበር። እነዚህ ግን ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በላብ ርሰው ጥጡ ላይ ተለጥፈዋል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ሳምንቱን ሙሉ ሆቴል ውስጥ የሰው አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ከርማ፣ የእረፍት ቀኗን ደግሞ ለራሷ ቤት ልብስ ሰጥታ ነበር። የልጅቷ ሐኪም ትናንት ደውላ፣ "የልጅሽ ውጤት ደስ አይልም፣ ቫይረሱ ጨምሯል። አቋርጣ ከሆነ ቶሎ ትቀጥልና ሰኞ ይዘሻት ነይ" ስትላት ምላ ተገዝታ ነበር። "ምን በወጣት! እኔው ነኝ እጇ ላይ የማስቀምጥላት!" አሁን ያን መሐላዋን ስታስበው ፊቷ ጋለ።

ልጅቷ ከሩጫ ልምምድ ላቧን እየጠረገች ገባች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አንድ ነገር ከያዘች ሳትረታ ስለማትለቅ ሰፈሩ "ጠበቃዋ" ነው የሚላት። መሬት ላይ የተበተኑትን እንክብሎች አየች። ትደነግጣለች ሲባል ሳቅ አለች።

"አይ እማዬ፣ አበላሸሽብኝ!"

"ምኑን ነው ያበላሸሁብሽ?"

"ቀጠሮው ቀን ላንቺም ለዶክተሯም አንድ ላይ ልነግራችሁ ነበር እኮ። ድኛለሁ! መዋጥ ካቆምኩ ስንት ጊዜዬ፣ እስቲ አንድ ቀን ሳስል ሰምተሽኛል? ዛሬ ወንዶቹን ሁሉ ጥያቸው ነው የገባሁት። ሳንባው የታመመ ሰው እንደዚህ ይሮጣል?"

ክርክሩ ቀዳዳ የለውም። ሳንባሽ ነው ያለቻት ራሷ እናትየዋ ናት። ልጅቷ አፏን እንደፈታች "ለምንድነው የምውጠው?" ብላ ስትጠይቃት አፏ ላይ የመጣላት ሳንባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐኪሟ "እያደገች ነው፣ ንገሪያት" ባለቻት ቁጥር፣ ፈተናዋን ትጨርስ፣ ልደቷ ይለፍ፣ ክረምቱ ይውጣ እያለች ስታንከባልለው ኖረች። ውሸትን ማስታመምም እንደ ሆቴሉ አንሶላ ነው፤ አጠብኩ ስትል ሌላ ክምር ይጠብቃታል።

"ደግሞ አንቺም ደክሞሻል" አለች ጠበቃዋ፣ አጠገቧ ተቀምጣ ትከሻዋን እየዳበሰች። "በኔ ቀጠሮ የተነሳ ከአለቃሽ ጋር ስትጨቃጨቂ አያለሁ እኮ። አባዬን የጣለው በሽታ እኔን አልጣለኝም። ደስ አይልሽም?"

አባቷም በሳንባ ነው የሞተው ተብላለች።

የእናትየዋ ዓይን በእንባ ግጥም አለ። ቆጣ ብላ "ዝም ብለሽ ዋጪ!" ብትላት እንዴት ግልግል ነበር። ግን ይህቺ ልጅ ያለ ምክንያት አትውጥም፤ ካልዋጠች ደግሞ እንደ አባቷ እያየቻት ልታልቅባት ነው።

"ሳንባሽ ጤነኛ ነው" አለቻት። "ድሮም ጤነኛ ነበር።"

"እና?"

"ኤች አይ ቪ ነው። ስወልድሽ ነው ከኔ የያዘሽ፤ እኔም ያኔ እንዳለብኝ አላወቅሁም።" የገዛ ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። "መድኃኒቱ ጨርሶ አያድንም። ከዋጥሽው ግን ትሮጫለሽ፣ ትማሪያለሽ፣ ሲደርስም ጤነኛ ልጅ ትወልጃለሽ። እኔ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ተደብቄ እየዋጥኩ ነው የምሠራው። አንቺም ዛሬ ወንዶቹን የቀደምሻቸው ድሮ በዋጥሽው ነው።"

ልጅቷ ለመሳቅ እንደተዘጋጀች ፊቷ ደርቆ ቀረ። ከዚያ እንደ ልማዷ ጥያቄዋን ጀመረች፤ ድምጿ ግን አንሷል።

"አባዬስ?"

"እሱም።"

"መድኃኒት አልነበረም?"

"ነበረ። ሰው ያየኛል ብሎ ሳይወስድ ቀረ።"

"እኔንስ ለምን ዋሸሽኝ?"

"እንዳትሳቀቂ ብዬ ነዋ፣ የኔ ልጅ።"

"እኔ እኮ ዳንኩ ብዬ ነው!" ብላ ጮኸች። "ደስ ብሎኝ እኮ ነው!" ባዶውን የትራስ ልብስ ወረወረችው። እናትየዋ ልታቅፋት ስትል ከእጇ ተመንጭቃ ወጣችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እናትየዋ አላባበለቻትም። የማባበያ አቅም አልነበራትም፤ ደግሞም ልጅቷ ማልቀስ ይገባታል።

ልቅሶው ጋብ ሲል ከቁም ሳጥኑ ሥር የራሷን መድኃኒት አውጥታ ከልጇ መድኃኒት አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ውሃ ቀዳች። ልጇ እያየቻት ስትውጥ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደረቷን ቀለል አላት።

"ነይ፣ አብረን እንዋጥ" አለቻት።

ልጅቷ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ተነሳች። እናትየዋ በልቧ ተመስገን አለች። ልጅቷ ግን ጠረጴዛውን አልፋ ወደ መስኮቱ ሄደች። ውጭ የሰፈሩ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ አንዷ አየቻትና "ጠበቃ፣ ነይ እንጂ!" ብላ ተጣራች።

ልጅቷ አልመለሰችላትም። መስኮቱን ዘጋች። መጋረጃውን ጎትታ ዳርና ዳሩን አስተካከለች። ሄዳ በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ነካ አድርጋ መያዙን አረጋገጠች። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ጨለም ወዳለው ጠረጴዛ ተመልሳ፣ ድምፅ እንዳያሰማ የመድኃኒቷን ብልቃጥ በመዳፏ ሸፍና ከፈተችውና ዋጠች።