ባለ ሦስት እግር ፈረስ

ናኦድ ፎርጅድ ቦርሳ ለመለየት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። መጀመሪያ ያሸታል፤ እውነተኛው ቆዳ ቆዳ ይላል፣ የውሸቱ ሙጫ ሙጫ ይላል። ቀጥሎ ገልብጦ የገበሩን ስፌት ያያል። በመጨረሻ ዚፑን። ፎርጅድ ሠሪ ቆዳው ላይ ይጠነቀቅና ዚፑ ላይ ሲደርስ ይሰንፋል።

ይህን ሁሉ ያስተማረው አሠሪው ጀማሉዲን ነው። ጀማሉዲን የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ሐርጌሳ ሃያ ዓመት ኖሯል። ዋሄን ገበያ ውስጥ ያለችው ሱቁ ጠባብ ናት። እሱ ሁልጊዜ በርጩማው ላይ፣ እግሩን ከመደርደሪያው ሥር ባለች አሮጌ ጆንያ ላይ አሳርፎ ይቀመጣል። ሴቶች ከከተማው ማዶ፣ ከጅግጅጋ ያር ሰፈር ድረስ እሱ ጋ የሚመጡት፣ ያ ሰውዬ ቻይናን ጣሊያን ነው ብሎ አይሸጥም ስለሚባል ነው።

ያን ሰሞን ግን የናኦድ ሐሳብ ቦርሳ ላይ አልነበረም። ጦርነቱ ቆቦ ከገባ ሁለት ወር ሆኖታል። ታናሽ እህቱ አምለሰት እዚያ ነበረች። ስልክ የለም። በቀን ሃያ ጊዜ ይደውላል፣ ያቺው የቴሌ ሴትዮ ያንኑ ትነግረዋለች። ስልኩን ሊከሰክሰው ያነሣና መልሶ ኪሱ ይከተዋል።

ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ አቧራ የለበሰ ሰው ሱቁ በር ላይ ቆመ።

"ናኦድ የሚባለው አንተ ነህ?"

"ማን ልበል?"

"ሙአዝ እባላለሁ። ከቶጎ ውጫሌ ነው የመጣሁት። እህትህ ልካኝ ነው።"

ሰውየው እንደቆመ ተረከ። ድንበር ላይ በጋሪ ውኃ የሚያደርስበት አንድ ግቢ አለ። ሠላሳ ሰው ተዘግቶበታል። ደላላው የሁሉንም ስልክ ሰብስቧል። ነገ ጎህ ሲቀድ መኪና ወደ ቦሳሶ ይወስዳቸዋል፤ ከቦሳሶ ወዲያ ባሕሩ ነው። አምለሰት ሐሳቧን ቀይራለች፣ ግን ወንድሟ በአካል መጥቶ ካልተረከባት ደላላው አይለቃትም።

"አሁን ከወጣን ዐሥር ሰዓት ሳይሆን እንደርሳለን" አለ ሙአዝ።

ናኦድ ከቦታው አልተነቃነቀም። ዳሚ ሰፈር አብሮት የሚኖረው አየነው ባለፈው ወር ልክ እንዲህ ተጠርቶ ነበር፣ የወንድምህ ጃኬት ነው ተብሎ። ቶጎ ውጫሌ ሄዶ ተደብድቦ በካልሲ ተመለሰ። ጃኬቱም የወንድሙ አልነበረም።

"በምን ልመንህ?"

ሙአዝ ከፌስታል ውስጥ ቡናማ ቦርሳ አወጣ። "ይቺን ካየ ያውቃታል አለችኝ። ደግሞ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆና፣ ኦሪጂናል ናት፣ እንዳትቧጭርብኝ ትለኛለች።"

ናኦድ ቦርሳዋን ተቀበለ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ገበያ ተሸካሚ ሳለ፣ ለአምለሰት ምርቃት ቡናማ ቦርሳ ልኮላት ነበር። ምሳ እየዘለለ ነው የገዛት፤ ያውም ከጀማሉዲን ሱቅ፣ ማንም እንዳይሸውደው ብሎ። ቆሻሻ እንዳይነካት ላስቲኳን ሳይቀድ ላካት። አምለሰት አንግባት የተነሣችው ፎቶ እስካሁን ፌስቡክ ላይ አለ።

ቦርሳዋን ወደ አፍንጫው አስጠጋት። ሙጫ።

ገለበጣት። ስፌቱ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።

ዚፑን ወደ ብርሃን አዞረው። የፋብሪካው ምልክት ፈረስ ነው። ይሄኛው ፈረስ የቆመው በሦስት እግሩ ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ የታመቀው ንዴት አናቱ ላይ ወጣ። "ፎቶዋን አይታችሁ መሰሏን ገዛችሁ። ቢያንስ ዚፑን አታዩም?"

"ስለ ዚፕ ምን አውቅልሃለሁ ወንድሜ? እኔ ውኃ ነው የማመላልሰው።"

"እሺ፣ እህቴ ግንባሯ ላይ ምን አለ?"

"አስተግፊሩላህ። በአጥር ቀዳዳ እጇን ብቻ ነው ያየሁት።"

"መልስ አያጥርህም አንተ።"

ከመስጊድ የዙሁር አዛን ተሰማ። ጀማሉዲን የጀማዓ ሶላት አያመልጠውም፤ ያን ቀን ግን ከበርጩማው አልተነሣም። ዓይኑን ከሚጠቀልለው ቀበቶ ላይ ሳያነሣ፣ "ሂድና እየው እንጂ" አለ። "መኪና እኔ እፈልግልሃለሁ። ቦርሳ ምን ያውቃል?"

"ጋሼ፣ ዕቃው ከዋሸ ያመጣውም ዋሽቷል ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?"

በሩ ላይ ሁለት ደንበኞች ቆመው ያዳምጡ ነበር። ጀማሉዲን ደንበኞቹን አየና ወደ ቀበቶው ተመለሰ።

ሙአዝ ፌስታሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። "አደራዬን አድርሻለሁ። ቦርሳዋ እዚህ ትቅር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መኪና ተራው ጋ እጠብቅሃለሁ።"

"ላኪህን ንገረው፣ ሌላ ጊዜ የፈረሱን እግር ቆጥሮ ይግዛ" አለው ናኦድ ከኋላው።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ጀማሉዲን ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አይቶ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ናኦድ ቀና አላለም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቦርሳዋ ምስማር ላይ ተሰቅላ ነበር። ናኦድ ነው ለማስተማሪያ የሰቀላት። ኒምኮ የምትባል የሠርግ ዕቃ የምትገዛ ልጅ ስትመጣ አውርዶ ሰጣት።

"አሽቺያት። እሺ፣ አሁን ዚፑ ላይ ያለውን ፈረስ እግሩን ቁጠሪ።"

"ሦስት" አለች ኒምኮ፣ ሳቀችም። "ይቺን ማን ይገዛታል?"

"የሚገዛ ሞኝ አይጠፋም" አለ ናኦድ። ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም ሳቀ።

ጀማሉዲን አልሳቀም። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር። ኒምኮ እስክትወጣ ጠበቀና በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው።

ከዚያም አሮጌዋን ጆንያ ጎትቶ አወጣና ባንኮኒው ላይ ዘረገፋት፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከመጣው ደርዘን የቀሩ፣ ላስቲካቸው ያልተቀደደ አሥራ አንድ ቡናማ ቦርሳዎች፣ አሥራ አንድ ባለ ሦስት እግር ፈረሶች።