የመምህሩን ቦርሳ ይዛ የሮጠችው ልጅ

"ያዟት! ቦርሳዬን ይዛ ሄደች!"

መምህር ጋሹ ባንድ እግር ጫማ እየሮጡ ይጮሃሉ...

ከፊታቸው የአስራ አንድ ዓመቷ ሰይዳ፣ የእህቴ ልጅ፣ የፈተና ወረቀት የሞላበትን ቦርሳ አቅፋ ሽቅብ ትፈተለካለች!

እኔ አክስቷ ወንዙ አፋፍ ላይ ቆሜ... ወላሂ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ በ1978 ነሐሴ፣ እዚሁ ቆቦ ነው።

እህቴ ኡሙልኸይር ልጇን ትምህርት ቤት አልላከቻትም። ከመንደራችን ሩቅ ነው። እሷ ራሷ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች፤ ልጅቱን ሥራዋን እየሠራች አስተማረቻት። ፊደሉን አሸዋ ላይ፣ ድምሩን በማሽላ እስር፣ የቀረውን ከብት እየነዱ...

እኔ ደግሞ ሁለተኛ ክፍል የደረስኩ ምሁር ነኝ!

"እታለም፣ ልጅቱን አደነቆርሻት እኮ!" እላታለሁ።

"አብሽሪ" ትለኛለች እየሳቀች።

ልጅቱ አድጋ መንገዱን ስትችል፣ ትምህርት ቤት ልትገባ ለፈተና ይዣት መጣሁ፤ የዚያን ቀን ፈተና ቁርጡ የሚለይበት ነበር። ካለፈች ከእኩዮቿ ጋር አራተኛ ክፍል። ከወደቀች... ንፍጣቸውን ካልጠረጉት ጋር አንደኛ!

መምህር ጋሹ ላገሩ አዲስ ናቸው። ክፍሉ እንደ ምድጃ ቢግልባቸው፣ ተፈታኞቹን ደረቁ ወንዝ ውስጥ ግራር ጥላ ስር አስቀመጡ። ጫማቸውንም አወለቁ።

ሰይዳ ወረቀቱን ትታ ወደ ላስታ ተራራ ታያለች።

"ፈተናው ተራራው ላይ ነው እንዴ?" አሏት።

"ጋሼ፣ ጎርፍ ሊመጣ ነው። እንውጣ።"

"በዚህ ጠራራ ፀሐይ? ፈተናው ከብዶሽ ነው! ቁጭ በይ!"

ልጆቹ አውካኩ... እኔም ሳቅሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ያኔ ነው ቦርሳውን ላፍ አድርጋ የሮጠችው!

መምህሩ አንዱን ጫማ አጥልቀው ከኋላዋ... ልጆቹ "ሌባ! ሌባ!" እያሉ ከመምህሩ ኋላ... ሁሉም አፋፉ ላይ ወጡ።

ጆሮዋን ቆንጠጥ እንዳደረጓት... ጉምምምም!

ቀይ ጎርፍ ግንድ እያንከባለለ መጣላችሁ! የመምህሩን ወንበርና ያንን የቀረውን ጫማ ይዞ ወደ አፋር!

ለካ ላስታ ላይ ዝናቡን ሲያወርደው ነበር... ሰይዳ ያየችው የተራራውን መጥቆር ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ጠብታ የለም!

መምህሩ ጆሮዋን ለቀቁ።

"ታዲያ... ቦርሳዬን ለምን?"

"ላም ከወንዝ አልወጣ ስትል ጥጃዋን አቅፎ መሮጥ ነው፣ ጋሼ። ተከትላ ትወጣለች። እናቴ ናት ያሳየችኝ።"

መምህሩ ቦርሳቸውን ከእጇ ተቀበሉ...

"እኔን ነው ላም ያልሽው?!" ብለው ሳቃቸው አመለጣቸው!

ፈተናው እዚያው አፋፉ ላይ ቀጠለ። ሒሳቡን ለቃቀመችው። ንባቡ ጎተት አድርጓት ነበር፤ ግን አለፈች፣ አራተኛ ገባች፣ አልሃምዱሊላህ!

መምህሩ በማግስቱ ኡሙልኸይር ቤት መጡ። "ንባቡን እኔ እጨምርላታለሁ... አንቺ ደግሞ ያገራችሁን ወንዝ አስተምሪኝ" አሏት።

ወገኖቼ... ልጅ አጠገባችን ሆኖ ሥራችንን ሲያይ እየተማረ ነው። ክፍል ያልገባ ሁሉ ደንቆሮ አይደለም። ሁለተኛ ክፍል የደረሰችው አክስት ያንን ጎርፍ መች አየችው!

እናንተስ? ደብተር ሳትይዙ፣ ከቤተሰባችሁ ጋር ስትሠሩ የተማራችሁት፣ እስከዛሬ የሚጠቅማችሁ ነገር ምንድነው? ኑ፣ ከታች ጻፉልኝ... የላሟን ጨዋታ የሚያስንቅ ካላችሁ እናያለን!